በፀሐይ የሚዞር፣ በማግኔት የሚንሳፈፍ፦ የአንድ ትንሽ ሞተር ታሪክ

በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከመጽሐፍ የማይበልጥ የእንጨት መደብ ተቀምጧል እንበል። በመደቡ ላይ ጥቂት ማግኔቶች ተተክለዋል። ከማግኔቶቹ በላይ ደግሞ በአራቱም ጎኑ የፀሐይ ሴል የተለጠፈበትና ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት አካል፣ መካከሉን በዘንግ ተወግቶ፣ በአየር ላይ ተንሳፎ ይታያል። ዘንጉን የሚሸከም ኩሽኔታ የለም፤ የኤሌክትሪክ ገመድም ሆነ ባትሪ የለም። መስኮቱ ተከፍቶ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ግን አካሉ በመጀመሪያ እንደሚያመነታ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ኋላም አንዱን አቅጣጫ ይዞ ያለ ድምፅ ይሽከረከራል። ይህ መሣሪያ በውጭው ዓለም «የሜንዶሲኖ ሞተር» በመባል ይታወቃል።

ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይናገራል። አንደኛው «ያለ ምንም ኃይል የሚሠራ ሞተር ተገኘ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ምንም ነገር ሳይነካ በአየር ላይ የቆመ ሞተር» የሚል ነው። ሁለቱም አባባሎች ስሕተት ናቸው። የመጀመሪያውን ስሕተት ለማረም እጅን በሞተሩና በፀሐይ መካከል ጋርዶ መቆሙን ማሳየት ይበቃል። የሁለተኛው ግን ጠለቅ ያለ ነገር አለው፤ ምክንያቱም ዘንጉ በአንድ ጫፉ አንዲት ትንሽ መስታወት ተደግፏል። ይህችን መስታወት አብዛኛው ተመልካች አያያትም፤ ሠሪውም ብዙውን ጊዜ እንድትታይለት አይፈልግም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሞተሩ ከየት እንደመጣ መተረክና፣ ከክፍሎቹ ሁሉ ዝቅ ተደርጋ የምትታየው መስታወት ለሙያችን የያዘችውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብሩሽ ጣጣ

የኤሌክትሪክ ሞተር ታሪክ የሚጀምረው በ1821 ነው። በዚያ ዓመት ማይክል ፋራዴይ በለንደን፣ ጫፉ በባዜቃ ውስጥ የተነከረ ሽቦ ጅረት ሲያልፍበት በአንድ ማግኔት ዙሪያ ሳያቋርጥ እንዲዞር አደረገ። ባዜቃው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚንቀሳቀሰውን ሽቦ ከማይንቀሳቀሰው ባትሪ ጋር ሳይለያዩ ማገናኘት ያስፈልግ ስለነበረ ነው። እንግዲህ ሞተር በተወለደበት ዕለት «ለሚዞር ነገር ኤሌክትሪክ እንዴት ይደርሰዋል?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ተወለደ ማለት ነው።

ጥያቄው ሌላም ገጽ ነበረው። በማግኔት አጠገብ የሚዞር የሽቦ ጥቅልል ግማሽ ዙር እንደሄደ፣ ያንቀሳቀሰው ጉልበት ራሱ ይዞ ያቆመዋል። እንዲቀጥል ከተፈለገ ጅረቱ በየግማሽ ዙሩ አቅጣጫውን መለወጥ አለበት። ይህን የሚያደርገውን ኮሙቴተር የተባለውን ክፍል ለሞተር ያዋለው እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን ሲሆን፣ ዘመኑም 1832 ነበር። ስተርጅን በልጅነቱ ጫማ ሰፊነት የተማረ፣ ቀጥሎም ወታደር የሆነ፣ ሳይንስን በራሱ ጥረት ያጠና ሰው ነበር። በአሜሪካ የቬርሞንት ነዋሪ የነበረው ቶማስ ዳቨንፖርት ደግሞ አንጥረኛ ሲሆን፣ ለኤሌክትሪክ ሞተሩ በ1837 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ሽቦውን የሸፈነበት ሐር ከሚስቱ የሠርግ ቀሚስ የተቀደደ ነው እየተባለ ይነገራል። በሩሲያም ሞሪትዝ ያኮቢ በ1838 በኔቫ ወንዝ ላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ በኤሌክትሪክ ሞተር አንቀሳቀሰ። ከዚህ እንደምንረዳው ሞተርን ወደ ሕይወት ካመጡት ሰዎች መካከል የእጅ ሙያተኞች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ኮሙቴተርና ብሩሽ ለብዙ ዘመን ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ ዛሬም ያገለግላሉ። ዳሩ ግን በጥገና ሥራ ላይ ያለ ማንኛውም ባልደረባችን እንደሚያውቀው ጣጣቸው ብዙ ነው። ካርቦኑ ያልቃል፤ ዱቄቱ በሽቦዎቹ መካከል ይጠራቀማል፤ በመገናኛው ላይ ብልጭታ ይነሣል፤ ሰበቃውም ኃይል ይበላል። ስለዚህ ብሩሽ የሌለው የቀጥተኛ ጅረት ሞተር መሥራት የመሐንዲሶች የረጅም ጊዜ ምኞት ሆኖ ቆየ።

ከብርሃን የመጣው ጅረት

መፍትሔው በከፊል የመጣው ከሞተር ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው አቅጣጫ ነበር። በ1839 የ19 ዓመቱ ፈረንሳዊ ኤድሞን ቤከረል በፈሳሽ ውስጥ የተነከሩ ሁለት የብረታ ብረት ሰሌዳዎች ብርሃን ሲያርፍባቸው ጅረት እንደሚፈጥሩ ተመለከተ። በ1883 ቻርልስ ፍሪትስ በኒው ዮርክ ሴሌኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር በስስ ወርቅ ሸፍኖ የፀሐይ ሴል ሠራ፤ ሆኖም ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነበር። በ1940 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው ረስል ኦል አንድ የሲሊኮን ቁራጭ በባትሪ መብራት ሲበራበት ያልተጠበቀ ቮልቴጅ እንደሚሰጥ አስተዋለ። ቁራጩ በውስጡ በነበረው ቆሻሻ ልዩነት ምክንያት በሁለት የተከፈለ ባሕርይ ነበረው፤ ዛሬ በእያንዳንዱ የፀሐይ ሴል ውስጥ የሚገኘው መገናኛም ይኸው ነው።

በዚያው ተቋም ዳሪል ቻፒን፣ ካልቪን ፉለርና ጄራልድ ፒርሰን የተባሉ ሦስት ሰዎች ሥራውን ወደ ፍጻሜ አደረሱት። ኤፕሪል 25 ቀን 1954 ለሕዝብ ያሳዩት የሲሊኮን ሴል ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ይለውጥ ነበር። በማሳያው ዕለት ሴሎቹ ያንቀሳቀሱት ፋብሪካ ሳይሆን አንዲት ተሽከርካሪ የልጆች መጫወቻ ነበረች፤ አንዲት ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫም አብራ ታየች። ይሁን እንጂ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ማርች 17 ቀን 1958፣ ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት ስድስት የፀሐይ ሴሎች ክፍል ይዛ ወደ ጠፈር ወጣች። በባትሪ ይሠራ የነበረው ማሰራጫዋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጸጥ ሲል፣ በፀሐይ የሚሠራው እስከ 1964 ድምፁን ሲያሰማ ቆየ። ሳተላይቷ ራሷ እስከ ዛሬ ምድርን በመዞር ላይ ትገኛለች።

ብርሃን ኮሙቴተር ሲሆን

ከሦስቱ ሰዎች አንዱ የሆነው ዳሪል ቻፒን ሴሉን ለዓለም ካሳየ በኋላ ፊቱን ወደ ተማሪዎች መለሰ። በ1962 ቤል ላቦራቶሪዎች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ባሰራጩት የፀሐይ ኃይል መማሪያ ዕቃ ውስጥ ቻፒን አንድ አዲስ ዓይነት ሞተር ገለጸ። በዚህ ሞተር ላይ ሴሎቹ ከሚዞረው አካል ጋር አብረው ይዞራሉ። አካሉ የተሸከመው በተገለበጠ የመስታወት ብልቃጥ ሲሆን፣ ብልቃጡም በቆመ መርፌ ጫፍ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ይቀመጣል።

የአሠራሩ ብልሃት እንዲህ ነው። ከብርሃኑ ፊት ለፊት የዋለው ሴል ጅረቱን የሚልከው በዚያች ቅጽበት ሽቦው ከማግኔቱ አጠገብ ወደሚያልፈው ጥቅልል ነው። በማግኔቱ መስክ ውስጥ ጅረት የተሸከመው ሽቦ ወደ ጎን ይገፋል፤ አካሉም ይዞራል። ሲዞር ያ ሴል ወደ ጥላ ይገባል፤ ቀጣዩ ሴል ወደ ብርሃን ይወጣና የራሱን ጥቅልል ያነሣሣል። ከግማሽ ዙር በኋላ ለመጀመሪያው ጥቅልል ጅረት የሚሰጠው ከበስተጀርባው ያለው ሴል ነው፤ ይህ ሴል ደግሞ ሽቦው ተገልብጦ የተያያዘ በመሆኑ ጅረቱ በጥቅልሉ ውስጥ አቅጣጫውን ይለውጣል። እንግዲህ ስተርጅን በብረትና በግንኙነት የሠራውን ሥራ እዚህ ላይ የሚሠራው የብርሃንና የጥላ መፈራረቅ ነው። ለሚዞረው አካል ኤሌክትሪክ እንዴት ይደርሰዋል ለሚለው ለፋራዴይ ዘመን ጥያቄም የተሰጠው መልስ፣ ኤሌክትሪኩ ከውጭ መምጣት የለበትም፣ እዚያው በሚዞረው አካል ላይ ይፈጠር የሚል ነው።

በዚያው በ1962 ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች፣ ዊልሰንና ትሪኪ፣ ጅረቱን በከፊል አስተላላፊ መሣሪያዎች የሚያቀያይር ብሩሽ አልባ የቀጥተኛ ጅረት ሞተር ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ። ዛሬ ኮምፒዩተርን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም ሆነ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚያንቀሳቅሰው ሞተር የዚህኛው መንገድ ልጆች ናቸው። የቻፒን መንገድ ወደ ኢንዱስትሪ አልገባም፤ ወደ ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ገባ። ሁለቱ መንገዶች ግን በአንድ ዓመት የቀረቡ የአንድ ጥያቄ ሁለት መልሶች ናቸው።

የኤርንሾ ሕግ

የቻፒን ሞተር በመርፌ ጫፍ ላይ ይቆም እንደነበር ከፍ ብለን አይተናል። መርፌውን አስወግዶ አካሉን በማግኔት ብቻ ማንሳፈፍ አይቻልም ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሞተሩ ከመታሰቡ ከ120 ዓመት በፊት ተሰጥቶ ነበር። እንግሊዛዊው ቄስና የሒሳብ ሊቅ ሳሙኤል ኤርንሾ በ1842 ባሳተመው ጥናት፣ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ በሚቀንስ ጉልበት ብቻ የተያዘ አካል ጸንቶ የሚቆምበት ቦታ ሊኖረው እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጠ። ይህ ሕግ ለቋሚ ማግኔቶችም ይሠራል።

ነገሩን በኮርቻ መመሰል ይቻላል። በኮርቻ መካከል የተቀመጠች ድንቡልቡል ጠጠር ወደ ፊትም ወደ ኋላም ብትገፋ ወደ መካከሉ ትመለሳለች፤ ወደ ጎን ብትገፋ ግን ትወድቃለች። በቋሚ ማግኔቶች የተንሳፈፈ የማይንቀሳቀስ አካልም እንዲሁ ነው። ማግኔቶቹን በማንኛውም ዓይነት ብናደራጃቸው፣ በአንድ አቅጣጫ ያገኘነውን ጽናት በሌላው አቅጣጫ እናጣዋለን። የማግኔቱ ብርታት ይህን አይለውጠውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ የተገኘው የኒዮዲሚየም ማግኔት ከቀድሞዎቹ እጅግ የበረታ ቢሆንም፣ ኮርቻውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ጎድጓዳ ሳሕን አያደርገውም።

በታሪክ ውስጥ ይህን ሕግ በሐቀኝነት የተቀበሉ ሰዎች ሌላ በር አግኝተዋል። ጀርመናዊው ሄርማን ኬምፐር በ1934 የፈጠራ መብት ያገኘበት በማግኔት የሚንሳፈፍ ባቡር ሐሳብ የተመሠረተው በኤሌክትሮማግኔት ላይ ሲሆን፣ የኤሌክትሮማግኔቱን ጅረት በየቅጽበቱ እየተቆጣጠሩ አካሉ ሊወድቅ ሲል ማንሣት፣ ሊጣበቅ ሲል መልቀቅ ይቻላል። ከ2004 ጀምሮ በሻንጋይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መስመር መንገደኞችን የሚያመላልሰው ባቡር የተሠራው በዚሁ መሠረት ነው። ቨርነር ብራውንቤክም በ1939 ማግኔት በጥቂቱ የሚገፋቸውን ቢስሙትንና ግራፋይትን አንሳፎ አሳይቷል፤ የእነዚህ ነገሮች ባሕርይ ከኤርንሾ ቅድመ ሁኔታ ውጭ ስለሆነ ነው። ከእነዚህ አንዳቸውም ሕጉን አላፈረሱም፤ ሕጉ የት ድረስ እንደሚገዛ ጠንቅቀው አወቁ እንጂ።

ፎርት ብራግ፣ 1994

የቻፒንን ሞተር ከመርፌው ያነሣው ሰው በላቦራቶሪ የሚሠራ ተመራማሪ አልነበረም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት በሜንዶሲኖ አውራጃ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ፎርት ብራግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ላሪ ስፕሪንግ የሚባል ሰው የቴሌቪዥን መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ነበረው። ስፕሪንግ በ1915 የተወለደ፣ ፊዚክስን በራሱ ያጠና ሰው ሲሆን፣ ስለ ብርሃን ባሕርይ በትምህርት ቤት ከሚሰጠው ትምህርት የተለየና በፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ያላገኘ የራሱ አስተሳሰብ ነበረው። ጁላይ 4 ቀን 1994፣ ሰባዎቹን ዕድሜ ሊጨርስ ሲቃረብ፣ በሴሎች የሚዞረውን ሞተር ዘንግ አጋድሞ በማግኔት የተንሳፈፈ አድርጎ ሠራው፤ በአውራጃውም ስም ሰየመው። ስፕሪንግ በ2009 ሲሞት ሞተሩ በብዙ አገር በሚገኙ ትምህርት ቤቶችና የቤት ውስጥ ሠሪዎች ዘንድ ታውቆ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሠሪው ስለ ብርሃን የነበረው አስተሳሰብ ከተለመደው የራቀ ቢሆንም ሞተሩ ይሠራል፤ የሚሠራውም ከቤከረል እስከ ቻፒን፣ ከፋራዴይ እስከ ኤርንሾ በታወቀው ሕግ መሠረት ነው። መሣሪያ የሠሪውን አስተያየት አይጠይቅም። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው መስታወትም ለዚህ ምስክር ናት።

በቤት ውስጥ ሲሠራ

ሞተሩን መሥራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በዘንጉ ሁለት ጫፎች አጠገብ አንዳንድ የቀለበት ማግኔት ይገባል። በመደቡ ላይ በእያንዳንዱ ቀለበት ሥር ሁለት ማግኔቶች ግራና ቀኝ ተከፍተው ይተከላሉ፤ ዘንጉ በመካከላቸው በማይታይ ሸለቆ ውስጥ እንዳለ ያህል ይቀመጣል። በሚዞረው አካል ሥር ደግሞ መስክ የሚሰጠው ማግኔት ይደረጋል። እስከዚህ ድረስ ዘንጉ ወደ ታችም ወደ ጎንም አይወድቅም። ነገር ግን በርዝመቱ አቅጣጫ በኮርቻው ጎን ላይ ነው፤ ከተለቀቀ ወደ አንዱ ወገን ተስፈንጥሮ ይወጣል። ስለዚህ የሥሮቹን ማግኔቶች በጥቂት ሚሊ ሜትር አሸሽቶ ዘንጉ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲገፋ ማድረግና፣ በዚያ ወገን መስታወት አቁሞ የዘንጉን ሹል ጫፍ እንዲያርፍባት ማድረግ ያስፈልጋል። ሰበቃው በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ስለሆነ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሆኖም አለ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመጀመሪያውን ሞተር ሲሠራ ሁለት ጊዜ ተሰናክሏል። በመጀመሪያ አካሉ ሚዛኑን ስላልጠበቀ ከባዱ ጎን ሁልጊዜ ወደ ታች እየተመለሰ አልዞር አለ፤ በቀላሉ ጎን ላይ የሰም ጠብታ በማከል ተስተካከለ። ቀጥሎም በቢሮ የፍሎረሰንት መብራት ሥር ፈጽሞ አልነቃነቅ አለ። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ የክፍል ብርሃን ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው፤ ደግሞም ሲሊኮን ይበልጥ የሚጠቀምበት ቀዩና ከቀይ በታች ያለው የማይታየው ብርሃን በዚህ መብራት ውስጥ ጥቂት ነው። ወደ ደጅ ሲወጣ ግን ወዲያው ዞረ።

ስለ ኃይሉ መጠን በአኃዝ መናገር ይሻላል። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ለፀሐይ ፊት ለፊት በተያዘ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 1000 ዋት ገደማ ያርፋል። የሞተሩ አንድ ሴል 2 በ5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሚያርፍበትም 1 ዋት ያህል ነው። ከመቶ 15 እጅ ቢለውጥ 0.15 ዋት ይሆናል፤ ይህም ሴሉ ከፀሐይ ጋር በቀጥታ በሚተያይባት ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚህም ላይ በሽቦው ሙቀት የሚጠፋው ይቀነሳል። በመሆኑም ሞተሩ ውኃ ሊስብ ወይም እህል ሊፈጭ አይችልም፤ ራሱን ማዞር ነው ሥራው። ይህን ሞተር አሳድጎ ለቤት ኤሌክትሪክ ምንጭ አደርገዋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ፣ ሴሎቹን ከአካሉ አንሥቶ አራቱንም በአንድነት ወደ ፀሐይ አዙሮ ጣሪያው ላይ ቢያስቀምጣቸው የበለጠ ኃይል እንደሚያገኝ ልንነግረው ይገባል።

የመስታወቷ ትምህርት

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ሞተር ለአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለማሳየት ይዤው ሄጄ ነበር። መደነቃቸው እንዲበዛ በማሰብ መስታወቷን በጣም ቀጭን አድርጌ፣ መደቡንም ጀርባውን ወደ እነሱ አዙሬ አስቀመጥሁት። ሞተሩ ዞረ፤ ልጆቹም አጨበጨቡ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን ተነሥታ «ጋሼ፣ ከዚያ ማዶ የተደገፈው ምኑን ነው?» ስትል ጠየቀች። ያን ጊዜ የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። መደቡን አዞርሁና መስታወቷን አሳየኋቸው፤ ቀጥሎም ለቀረው ሰዓት የተነጋገርነው ስለ መስታወቷ ብቻ ሆነ። ሞተሩን አይቶ ከማጨብጨብ ይልቅ መደገፊያው ለምን እንዳስፈለገ መጠየቅ ልጆቹን ይበልጥ ወደ ፊዚክስ አቀረባቸው።

ሙያችን ብዙውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ፈተና ላይ ይወድቃል። ሕዝብ ከመሐንዲስ ተአምር ይጠብቃል፤ ገንዘብ የሚያወጣውም ወገን ወጪ የሌለው ኃይል፣ ጥገና የማይሻ መኪና፣ ድጋፍ የማይፈልግ ድልድይ እንዲነገረው ይወዳል። መስታወቷን ከመጋረጃ በስተጀርባ መደበቅ ለጊዜው ጭብጨባ ያስገኛል። ዳሩ ግን የተደበቀው ድጋፍ የተሰበረ ዕለት፣ መኖሩን ያላወቀው ሰው እንዴት ሊጠግነው ይችላል?

ከስተርጅን ኮሙቴተር እስከ ቻፒን ሴል፣ ከኤርንሾ ሒሳብ እስከ ስፕሪንግ ሱቅ ያለውን መንገድ የተጓዙ ሰዎች ተፈጥሮ የማትሰጠውን ነገር አልሰጡንም። የሰጡን፣ ብሩሹን በብርሃን የተካ፣ ክብደቱን በማግኔት ያነሣ፣ የቀረውን ጥቂት ጉልበት ደግሞ በአንዲት ነጥብ ላይ ያሳረፈ መሣሪያ ነው። ይህ በራሱ የሚደነቅ ሥራ ነው። የማኅበራችን አባላት ይህን ሞተር በየቤታቸውና በየትምህርት ቤቱ እንዲሠሩት እመክራለሁ፤ ሲያሳዩትም የመደቡን ፊት መስታወቷ ካለችበት ወገን ወደ ተመልካቹ ያዙሩት።